ሰርቨራችን ቤት ለቀቀ

የመርጡለ ማርያም ልጅ የትም አገር ይሂድ፣ ሦስት ሆኖ ከተገናኘ ማኅበር ያቋቁማል። አራተኛው ሲመጣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፤ አምስተኛው ሲጨመር ገንዘብ ያዡ ይታማል። የእኛም ማኅበር ከዚህ ሥርዓት አልወጣም። አባላቱ እዚህ እነብሴ ሳር ምድር፣ ደብረ ማርቆስ፣ አዲስ አበባ፣ ዱባይና ዋሽንግተን ተበትነው ይኖራሉ። ባንድ ማዕድ ቀርበው የማያውቁትን እነዚህን ሰዎች የሚያገናኛቸው ታዲያ ሰርቨራቸው ነው።

ሰርቨር ስላልሁ መስታወት ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት የሚኖር ነገር እንዳይመስላችሁ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። የጎን ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ማራገቢያው ሲነሣ ድምፁ ከበር ይሰማል። የመዋጮው መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የሠርጉና የክርስትናው ፎቶ፣ ከእኛ የተለዩት ሽማግሌዎች ድምፅ ሁሉ ያለው እሱ ሆድ ውስጥ ነው።

«ቴሌግራም እያለ፣ ጎግል እያለ ምን አደከማችሁ?» የሚል ብልህ አልጠፋም። ተብሏል፤ በቃለ ጉባኤም ሰፍሯል። ግን ጎጃሜዎች ነንና ርስት እንወዳለን። የእናታችንን የተዝካር ፎቶ በሰው መሬት ላይ በጭሰኝነት ማኖር አልሆንልን አለ። ስለዚህ ኔክስትክላውድ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭነን፣ የኢንተርኔት ስም ገዝተን ጎጆ ወጣን። ይህ ፕሮግራም ራሱ የመለያየት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የኦውንክላውድ መሥራች ፍራንክ ካርሊቼክ ከገዛ ድርጅቱ ወጣና ያንኑ ሥራ በሌላ ስም ጀመረው። ይህን ያነበብሁ ዕለት ለእኛ ማኅበር የሚስማማ ፕሮግራም እንዳገኘን ገባኝ።

ዴስክቶፑ ይኖር የነበረው አዲስ አበባ፣ ከአባሎቻችን ባንዱ ቢሮ፣ ከፋይል ሣጥኑ ጀርባ ነው። ለምን መርጡለ ማርያም አልሆነም? እዚህማ ማን ደርሶበት! ኢንተርኔት ላይ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚታወቀው በቁጥር ነው። የጥንቱ የቁጥር አሰጣጥ ከ4.3 ቢሊዮን በላይ አድራሻ አይወጣውም፤ ያኔ የማያልቅ መስሏቸው ነበር። ሲያልቅባቸው አንዱን ቁጥር ለብዙ ደንበኛ በጋራ መስጠት መጣ። በዚህ ዓይነት መስመር ላይ ያለ ሰው ወደ ውጭ ሄዶ የፈለገውን ያያል፤ ከውጭ መጥቶ «እገሌን ፈልጌ ነበር» ለሚል እንግዳ ግን የሚከፍት የለም። የአዲስ አበባው ቢሮ የብቻው የሆነ ቋሚ ቁጥር ነበረው። መብራቱም ቢሆን እዚያ ሲሄድ የሚመለስ ዓይነት ነው።

ኋላ ኮሪደር ልማት መጣ። አዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳን፣ አስከትላም ካዛንቺስን ስታፈርስና ስትሠራ፣ ተራው የቢሮውም ሰፈር ደረሰው። ባለ ቢሮው ደወለልኝ። «ዕቃ እያወጣሁ ነው፤ ይህን የእናንተን ሣጥን ምን ላድርገው?» አለኝ። ይህን ሥራ ያውቃል ተብዬ የተመረጥሁት እኔ ነኝ። የሥራ ቦታዬም መርጡለ ማርያም፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ጥግ፣ በፎቶ ኮፒ ማሽኑና በላሚኔሽኑ መካከል ነው።

ተሰበሰብንና ጀርመን አገር ሰርቨር እንከራይ ተባለ። ኪራዩ በወር ጥቂት ዩሮ ነው ብዬ ሳልጨርስ ገንዘብ ያዡ «በብር ሲመታስ?» አሉ። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ጥያቄ ጧት አንድ መልስ፣ ማታ ሌላ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ደግሞስ በብር ካርዳችን ጀርመን ማን ይቀበለናል? ስለዚህ የዋሽንግተኑ ወንድማችን በካርዱ እንዲከፍል ተወሰነ። ካርዱ ሲሠራ የእሱም ድምፅ በስብሰባችን ላይ ከፍ አለ። ያን ቀን «አስተያየት አለኝ» ይል የነበረ ሰው፣ በማግስቱ «አቅጣጫ ላስቀምጥ» ማለት ጀመረ።

ዕቃ ማጓጓዙ ቀላሉ ሥራ ነው። 200 ጊጋባይት በሰከንድ አራት ሜጋቢት በሚጎትት መስመር ለመላክ አራት ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል፤ መብራት ካልሄደ ነው ታዲያ። አርሲንክ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የደረሰውን ትቶ ያልደረሰውን ብቻ ይልካል፤ መስመሩ ተቋርጦ ሲመለስም ሥራውን እንደ አዲስ አይጀምርም። ለእኛ አገር ተብሎ የተሠራ ይመስላል። የሠሩት ግን እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ፣ አውስትራሊያ ላይ ነው። እዚያም መብራት ይሄድ ይሆን?

መዝገቡ ግን እንደ ፎቶው አይደለም። ዳታቤዝ ሰው እየጻፈበት ከተገለበጠ ግማሹ የትናንት፣ ግማሹ የዛሬ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉም ሰው እጁን የሚሰበስብበት ሰዓት መቁረጥ ነበረብን። የማኅበሩ ግሩፕ ላይ «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም እንዳይጭን» ብዬ ጻፍሁ። እንግዲህ ተመልከቱ። የእኛ ማታ ሦስት ሰዓት ለሰርቨሩ አሥራ ስምንት ሰዓት ነው፤ እሱ የሚቆጥረው በግሪንዊች ነውና። ዱባይ ላይ በእኛው አቆጣጠር ማታ አራት ሰዓት ሆኗል። ወሩ ሐምሌ ነበርና ዋሽንግተን ገና ከቀትር በኋላ ነው፤ በፈረንጅ ሁለት ሰዓት። የዋሽንግተኑ ወንድማችን አሜሪካ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜው ነው፤ ሦስት ሰዓት ማለት ለእሱ የግድግዳው ሰዓት ሦስት ሲል ነው። የልጁን ክርስትና ፎቶ እያማረጠ ሲጭን ቆየ። እኛ ዕቃችንን ይዘን ከወጣን በኋላ ባዶ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ዕቃ ሲደረድር ነበር ማለት ነው።

ይህም ሁሉ ቢሆን አዲሱ ሰርቨር ሌሊቱን ተነሥቶ መሥራት ጀመረ። ለመፈተሽ ላፕቶፔ ላይ ሆስትስ የሚባለውን ፋይል ከፍቼ፣ የማኅበራችንን ስም ከጀርመኑ ቁጥር ጎን ጻፍሁት። ይቺ ፋይል የጥንት ዘመን ቅርስ ናት። ዛሬ የምናውቀው የስም ሥርዓት ሳይፈጠር በፊት የኢንተርኔቱ አባት በሆነው መረብ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ስምና ቁጥራቸው ባንድ ዝርዝር ላይ ይጻፍ ነበር። ዝርዝሩን የሚይዘው ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤልሳቤጥ ፋይንለር የምትመራው ቢሮ ነው። አዲስ ኮምፒውተር ያስገባ ሰው በሥራ ሰዓት ስልክ ደውሎ ያስመዘግባል፤ ሌላው ደግሞ ዝርዝሩን እየገለበጠ ይወስዳል። ኮምፒውተሩ ሲበዛ ይህ አላዋጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስ የሚባለውን ነደፈ። ከዚያ ወዲህ ዓለሙን ሁሉ ባንድ መዝገብ የያዘ የለም። ከላይ፣ ከኤ እስከ ኤም ባሉ ፊደሎች የሚጠሩ 13 የሥር ሰርቨሮች አሉ። እነሱ «የዶት ኦርግን ነገር እነ እገሌን ጠይቅ» ይላሉ፤ እነ እገሌ «የዚያን ማኅበር ነገር እዚያ ጠይቅ» ይላሉ፤ የመጨረሻው ቁጥሩን ይናገራል። ወረዳ ሄዶ ዞን፣ ዞን ሄዶ ክልል የተባለ ሰው ሥርዓቱን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ልዩነቱ ይኸኛው በዓይን ጥቅሻ ማለቁ ነው።

የስማችን መዝገብ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ፣ ስሙ ወደ የትኛው ቁጥር እንደሚያመለክት የሚስተካከልበት ነው፤ እሱ ዋሽንግተን ይገኛል። ሁለተኛውን ኋላ እመለስበታለሁ።

ቁጥር ከመቀየሩ በፊት መደረግ ያለበት አንድ ነገር አለ። መልሱን የሰማ ሁሉ ለምን ያህል ጊዜ ይዞ እንዲቆይ የሚነግር ቁጥር አለ፤ ቲቲኤል ይሉታል። የእኛ 86,400 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ቀን ሙሉ ነበር። «ከመልቀቃችን ቀደም ብለህ ወደ 300 አውርደው፤ ያኔ ሰው ሁሉ በየአምስት ደቂቃው እየመጣ ይጠይቃል» ብዬ ለዋሽንግተን ጻፍሁ። «አቅጣጫው ጥሩ ነው» ሲል መለሰልኝ። ከዚያ በለቀቅንበት ሌሊት ሁለቱንም ባንድ ላይ ቀየራቸው። ቀድሞ የሰማ ግን የሰማው «አንድ ቀን ያዝ» የሚለውን ነው፤ ይዟል።

ይህን ለማስረዳት ከአያቴ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። አያቴ እስኪያርፉ ድረስ ደብረ ማርቆስን መንቆረር ነበር የሚሏት። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ከተማዪቱ በታቦቱ ስም መጠራት የጀመረችው አያቴ ሳይወለዱ ነው። እሳቸው መንቆረርን ከአባታቸው ሰሙ፤ አባታቸውም ከአባታቸው። ሄዶ የጠየቀ የለም። ከተማ ደርሶ የመጣ ሰው «ደብረ ማርቆስ ነው የምትባለው» ቢላቸው፣ «እሱን ለማያውቃት ንገር» ይሉ ነበር። የስልክና የኢንተርኔት ድርጅቶች የስም ሰርቨርም ከሌላው የሰማውን ይዞ፣ የተሰጠው ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ላመነው ሁሉ ያወራል። (ነገሩ በእርግጥ ተገላቢጦሽ ነው። መንቆረር ቦታዋ ጸንቶ ስሟ ተለወጠ፤ የእኛ ስሙ ጸንቶ ቦታው ተለወጠ። ያደረ ወሬ ግን ያው ያደረ ወሬ ነው።) ዛሬም አዳማ ሄዶ ናዝሬት ደረስሁ የሚል ስንት አለ! እንግዲህ የእነዚህ ቲቲኤል ስንት ሰከንድ ነው?

ከዚያ የሆነው ሁሉ በግሩፑ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል። ጧት የዱባይዋ እህታችን «መዋጮዬን ከፍያለሁ፤ ደረሰኙንም ጭኛለሁ» ብላ ጻፈች። ደብረ ማርቆስ ያሉት ተቆጣጣሪያችን «አልደረሰም» አሉ።

«እንዴት አልደረሰም? ይኸው እያየሁት!»

«እኔም ይኸው እያየሁ ነው፤ የለም።»

እሷ የስልኳን ገጽ ፎቶ አንሥታ ላከች፤ ደረሰኙ አለ። እሳቸውም አንሥተው ላኩ፤ ቦታው ባዶ ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የእሷ ስልክ አሮጌውን ቁጥር ከያዘው የዱባይ መስመር ጠይቆ ገና ያልተነቀለው የአዲስ አበባው ዴስክቶፕ ጋ ሄዷል፤ የእሳቸው ጀርመን ገብቷል። ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን ይጻፍ ጀመር። አሮጌውን በር «ተዛውረናል» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈን እንዝጋው፣ ወይም ማንበብ ብቻ እንዲቻል እናድርገው ብዬ ነበር። ገንዘብ ያዡ «የሚከፍል ሰው መጥቶ በር ተዘግቶበት ቢመለስ ማን ይጠየቃል?» ብለው ከለከሉ። ስለ ገንዘብ ያዥ ይህን ያህል ካልሁ ይበቃል።

ወዲያው «ድሮም» የሚለው ቃል መጣ። ማኅበር ውስጥ «ድሮም» ከተባለ መመለሻ የለውም። «ድሮም የዱባዮችን ገንዘብ እንጂ ፊታችንን አትፈልጉም።» «ድሮም ሒሳቡ ሁለት ነው ስል ነበር።» ባንክ ሄደን «ሲስተም የለም» ስንባል አንገታችንን ደፍተን የምንመለስ ሰዎች፣ የራሳችን ሲስተም ሁለት ቢሆንብን ጎራዴ መዘዝን። አዲስ አበባ ያሉ አንድ ሽማግሌ በድምፅ «ልጆቼ፣ ተረጋጉ፤ ነገሩ ወደ ሽምግልና ይምጣ» አሉ። የተላከው መልእክት ረጅም ነው፤ መጨረሻው ላይ ዶሮ ይጮኻል። እኔ በበኩሌ ቲቲኤል ምን እንደሆነ ጻፍሁ። ያነበበው አለ፤ የመለሰ የለም። ብቻ አንዱ «ይህ ቲቲኤል የሚባለው ሰው አባል ነው?» ብሎ በግል ጠየቀኝ።

መጽናኛዬ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። ያን ቀን ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትሳፕ ባንድ ላይ ስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍተዋል። የገዛ መሐንዲሶቻቸው በጥገና ሥራ ላይ በሰጡት ትእዛዝ የድርጅቱ የውስጥ መረብ ተቆረጠ፤ የስም ሰርቨሮቻቸውም መገኛቸውን ለዓለም ማሳወቅ አቆሙ። ኮምፒውተሮቹ ደኅና ነበሩ፤ የት እንዳሉ የሚናገር ጠፋ እንጂ። ቢሊዮን ሰው ያለው ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ ማኅበር ላንድ ሰሞን ሁለት መሆኑ ምን ይገርማል? ይህንም ጻፍሁላቸው። «እነሱ ገንዘብ አላቸው» ተባልሁ።

በምስክር ወረቀት ነገርም ትንሽ ተቸግሬያለሁ፤ ባጭሩ ላውራው። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት ድረ ገጽን አስተማማኝ የሚያደርገውን የምስክር ወረቀት በነጻ ይሰጣል፤ ወረቀቱ የሚያገለግለው 90 ቀን ነው። ለመስጠት ግን በተለመደው መንገድ መጀመሪያ በስሙ ሄዶ በር ያንኳኳል። ስሙ ገና ወደ አሮጌው ቤት ስለሚያመለክት ለአዲሱ ቤት ወረቀት አይሰጥም፤ ወረቀት የሌለውን ቤት ደግሞ ስልኮች «አደገኛ ነው» እያሉ ሰው ያስደነብራሉ። መውጫው፣ በስሙ መዝገብ ላይ የምስክርነት ጽሑፍ በቅድሚያ ማስገባት ነው። ለዋሽንግተን ነገርሁት፤ አስገባ። የኢሜይላችንን መንገድ የሚያሳየው ኤምኤክስ የተባለው መስመር ግን ሳይነካ ቀረ። የአስቸኳይ ስብሰባው ጥሪ ተጭኖ ሊሄድ ወደ ተዘጋጀው ዴስክቶፕ ገባ። ሰው ባለመምጣቱም ስብሰባው በሰላም ተጠናቀቀ።

ሁሉም ረግቶ፣ ሁለቱን መዝገብ ባንድ አዋህጄ ስጨርስ የኔታ ወደ መደብሩ ብቅ አሉ። ተማሪዎቻቸውን ቅኔ አስዘርፈው ሲሸኙ የሚገለበጥ ወረቀት ካለ ይመጣሉ።

«ያ ቤት የለቀቀው ዕቃችሁ ደኅና ገባ?» አሉኝ።

«ገብቷል የኔታ፤ ስሙም እንደ ነበረ ነው።»

«አዬ ልጄ፣ ይችስ ደብር መች ሌላ ሆነች?» ብለው በከዘራቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከቱ። «በአብርሃና በአጽብሓ ተተከለች ይሉናል አባቶቻችን። እቴጌ እሌኒ በጥርብ ድንጋይ አሠሯት፤ ግራኝ አቃጠላት፤ በሱስንዮስ ጊዜ ደግሞ ፈረንጆች እንደ ገና ሠሯት።» ፈረንጆች ያሏቸው ኢየሱሳውያኑን ነው። የጥንቱ ግንብ ፍራሽ፣ አበባና ሐረግ እንደ ተቀረጸበት፣ ዛሬም እቅጥሩ ውስጥ ቆሟል፤ ቅዳሴው ያለው ከጎኑ ካለው ቤት ነው። «ቤቱ ተለዋወጠ፤ መርጡለ ማርያምነቱን ግን የወሰደባት የለም» አሉና ወረቀታቸውን ተቀበሉኝ። እበሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ።

«ለመሆኑ ያንን ስም በማን ስም ነው ያስጻፋችሁት?»

ሁለተኛው ቁልፍ እንግዲህ ይኸ ነው። ስሙን በየዓመቱ የሚያድሰውና ባለቤቱ እኔ ነኝ የሚለው ቁልፍ በማኅበሩ እጅ የለም። ያኔ ማኅበሩ ሲቋቋም ነገሩ የሚገባው አንድ ተማሪ ልጅ ነበረን። በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ስም ገዛው፤ አጨበጨብንለት። ልጁ ተመርቆ ወደ ውጭ ወጣ፤ ስልኩ ተለወጠ፤ ግሩፑንም ለቀቀ። ስሙን የሸጠውን ድርጅት ብንጽፍለት «ለባለቤቱ ኢሜይል መልእክት ልከናል» ይለናል። ጊዜው ሲያልፍ ስሙ ወዲያው አይጠፋም፤ ለጥቂት ሳምንት ይታገሡታል፤ ከዚያ ቅጣት ከፍሎ ማስመለሻ 30 ቀን አለ፤ ከዚያ ለመሰረዝ አምስት ቀን። ከዚያ በኋላ ቻይናም ያለ ሰው ይግዛው፣ ሩስያም ያለ፣ የመርጡለ ማርያም ልጅ ሆኖ ያድራል። ርስት እንወዳለን ያልነው ሰዎች ጎጆውን የሠራነው በሰው ስም በተጻፈ ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ አንተ ልጅ፣ ይህን ጽሑፍ የትም ሆነህ ብታነበው ማን እንደሆንህ ታውቃለህ። አልተቀየምንህም። እናትህም ደኅና ናቸው። ያን የድሮ ኢሜይልህን ክፈትና ፓስወርዱን ላክልን፤ የስሙ ማብቂያ መስከረም ላይ ነው። የቀረብህን የመዋጮ ዕዳም ገንዘብ ያዡ እንዲሰርዙልህ በቃለ ጉባኤ አስወስነናል።